እስከ ፋሲካ የከረመ ፖም

ሄስተር ፕሮበርት ጨርቁን ገልጣ እንቁላሎቹን አየቻቸውና መልሳ ሸፈነቻቸው። ትንሽ ቆይታ እንደገና ገለጠቻቸው። ስምንት ናቸው። ለአንድ ምሳ፣ ጣፋጭ ላይ ለሚፈስ ለአንድ ጆግ ካስታርድ፣ ስምንት እንቁላል! ከዐሥር ቀን በፊት እንዲህ የደፈረ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ለፖሊስ ይጠቁምበት ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቁላል በራሽን ነበር። ሄስተር በምታበስልበት በኮልድብሩክ ግቢ ዶሮ ባይጠፋም፣ የመንግሥት መኪና በየሳምንቱ እየመጣ እንቁላሉን ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እንቁላል ግን ከእስር የተፈታው ገና አሁን፣ ፋሲካ ሲደርስ ነው።

ሄስተር ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እውነተኛ ካስታርድ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በልጅነቷ፣ የዚህ ቤት ወጥ ቤት የነበረችው እናቷ በዚሁ ምድጃ ላይ ስታማስል ነው። ከዚያ ወዲህ ጌታም ሎሌም የበላው ከቆርቆሮ የሚወጣ ቢጫ ዱቄት በወተት ተበጥብጦ ነው። እናቷ እውነተኛውን ዳግም ሳትሠራ ሞተች። ማማሰያዋ ግን አለ፤ ከአገልግሎት ብዛት አንድ ጎኑ ተበልቶ ወደ ግራ ዘመም ያለ የእንጨት ማማሰያ። ሄስተር ዛሬ እሱን አወጣችው።

"አንቺ! ትሰብሪያቸዋለሽ ወይስ ትሳለሚያቸዋለሽ?" አለቻት ፊሊስ ከበሩ። ፊሊስ ምግብ ወደ ላይኛው ቤት፣ ወደ ጌቶቹ፣ የምታመላልሰው ሴት ናት፤ እግሯ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ደግሞ እግሯን ይቀድመዋል።

"ሳሳሁላቸው እኮ።"

"አትሳሺ እቴ፣ ያንቺ አይደሉም። ይልቅ እመቤቲቱ ያሉሽን ስሚ። 'ካስታርዱ ገውዝ ይግባበት፣ የእናቷን የሾርባ ቅጠል ግን እንዳላይ' ብለዋል። ፖሙ ደግሞ ሙሉውን ይጋገር፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ሰባት ሰው ነው። ከቆጡ ላይኛው መደርደሪያ ይምጣ፣ ከደህናው። ልጃቸውን የሚሸኙበት ምሳ ነው።"

ሄስተር ማማሰያውን በጨርቅ መወልወል ያዘች። ፊሊስ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መኪናው በዐሥር ሰዓት ነው የሚመጣው። ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ካናዳ። አምስት ዓመት አሉ።"

"ሰምቻለሁ።"

"መስማትሽንማ ፊትሽ ይናገራል።"

ሳልና ፍቅር አይደበቅም ይባላል። ሄስተር ግን ስምንት ወር ሙሉ ደብቃው ኖራለች፣ ወይም የደበቀችው መስሏት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ፖም መልቀም ሲጀመር ነው። የቤቱ ልጅ ኦብሪ ላንግፎርድ ለዕረፍት መጥቶ የሠራተኛ እጅ ስላነሰ እሱም ቅርጫት አንጠልጥሎ መሰላል ላይ ወጣ፤ ሄስተር ከሥር መሰላሉን ያዘችለት። ሦስት ሳምንት ያዘችለት። መሰላሉ ላይ ያለው ሰው ከላይ ወደ ታች ሲያይ፣ ከታች ያለችው ደግሞ ቀና ስትል፣ በመካከላቸው ፖም ብቻ አልነበረም። መሄጃው ሲደርስ በአጥሩ አጠገብ እጇን ይዞ "እጽፍልሻለሁ" አላት። እሷም አመነችው። እሱ ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግድብ ሥራው ሄደ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ገና መጣ። አንድም ደብዳቤ አልመጣላትም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለፈው ዓርብ የሆነው ነው። ኦብሪ ከስኮትላንድ በገባ በማግሥቱ ወደ ማድ ቤቱ ወረደና ደፉ ላይ ቆመ። ከስቷል። "ደህና ነዎት ወይ፣ ሚስ ፕሮበርት?" አላት። ሚስ ፕሮበርት! እጇን የያዘው ሰው! ከዚያ ፊቷን ማየት እንዳቃተው ሁሉ በመስኮቱ አሻግሮ፣ እናቷ ለሾርባ ቅጠል ብላ ከበሩ ጎን በተከለችው የቤይ ዛፍ ላይ ዓይኑን ተከለ።

"ያ ዛፍ ከብርዱ ተርፏል?" አላት።

"ተርፏል፣ ሚስተር ኦብሪ። ግን አንጠቀምበትም" አለችው፣ እሷም ኩራቷን ይዛ።

ፊቱ ሲገረጣ አይታለች። "ገባኝ" ብሎ ወጣ። ስለ አንድ ዛፍ ያን ያህል መገርጣት ለምን እንዳስፈለገው ሄስተር ሁለት ቀን ሙሉ ብታሰላስለውም መልስ አላገኘችለትም።

አሁን እንቁላሉን ሰበረች። አስኳሉን ከነጩ ለየች፤ ስምንቱ አስኳሎች በነጩ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ለአፍታ ሥራዋን ረሳች። ቢጫ እንዲህ ያለ መሆኑን ረስታው ነበር። በስኳር መታቻቸው። ወተቱን በገውዝ አሞቀች፣ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት፣ ወደ ድስቱ መልሳ በለዘብተኛ እሳት በእናቷ ማማሰያ ታማስል ጀመር። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አምስት። ውሃ ነው፤ አሁንም ውሃ ነው። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል አንድ ነገር በማማሰያው ላይ ከበድ አለ። አነሳችው። ጀርባው ወርቃማ ልብስ ለብሷል። በጣቷ ብታሰምርበት መስመሩ ሳይጋጠም እንደተከፈተ ቀረ።

"እማዬ" አለች ብቻዋን፣ በባዶው ማድ ቤት።

ካስታርዱን ቆዳ እንዳያወጣ ቅቤ በተቀባ ወረቀት ሸፈነችውና ከመኝታ ክፍሏ በላይ ወዳለው የፖም ቆጥ ሄደች።

ከወትሮው ሄስተር ቆጥ ላይ አትወጣም። የፖሙ ሹም አባቷ ሩበን ነው። ይለቅማል፣ ይመርጣል፣ አንዱ የበሰበሰ እንደሆነ ሌላውን እንዳይነካው እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልሎ ሳይነካካ ይደረድራል። ሲፈለግ ደግሞ ራሱ ፈትቶ ፖሙን ብቻ ያወርዳል፤ ወረቀቱን ለከርሞ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ግን የፋሲካ እሑድ ነው። ሩበን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ገመድ ስቧል። ላይኛው ቤት ያሉትም ሁሉ ለጸሎት ሄደዋል። ስለዚህ መሰላሉን ራሷ ወጣች።

ቆጡ ጨለም ያለ ነው፤ ሽታው ግን ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመ ነው። የታችኞቹ መደርደሪያዎች ባዶ ናቸው፤ የቀረው የቆየ ጋዜጣ ብቻ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ግን ሃያ ፖሞች ተደርድረዋል፤ የተጠቀለሉትም በጋዜጣ ሳይሆን በነጭ ወረቀት ነው። ሄስተር አንዱን አንስታ ወደ መስኮቷ ተጠጋችና ፈታችው። እጇን የሞላ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ የዞረ፣ ቆዳው ወዛም የሆነ፣ ለማብሰል የሚሆን ፖም ወጣ። በሚያዝያ እንዲህ ያለ ፖም! እያደነቀች ወረቀቱን ልታጣጥፈው ስትል ሰማያዊ ቀለም አየች።

"...መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ እዚህ አገር ከፍታ ላይ መውጣት ጠልቻለሁ። ከዝናቡ በቀር የሚያናግረኝ የለም። ሄስተር፣ አንድ ቃል ብቻ..."

ክው አለች። ፖሙን ደረቷ ላይ እንደያዘች ሌላውን ፈታች።

"...ያቺን ቢጫ መሐረብሽን አስረሽ የምትመጪበትን ሰዓት አሁንም እጠብቃለሁ፤ እዚህ እንደማትመጪ እያወቅሁ..."

ሦስተኛውን። አራተኛውን። ፖሙን አንዱንም አልጣለችም። ገጾቹ ተደበላልቀዋል፤ የመስከረሙ ከጥቅምቱ፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው። ፍቅር ከየፖሙ ውስጥ እየተፈታ ይወጣል። ሰባት ደብዳቤ! ጻፈላት። ጽፎላት ነበር! ክረምቱን ሙሉ እሷ ከታች አልጋዋ ላይ እያለቀሰች፣ ቃሉ ከራሷ በላይ በጨለማ ውስጥ እየጠበቃት ነበር። ሄስተር በአገልጋዮች ወንበርም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ስታዘወትር የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን እዚያም ገጥሟት አያውቅም።

ሃያኛው ፖም የኅዳሩን፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ለብሶ ነበር።

"ይህ ሰባተኛዬ ነው። ከእንግዲህ አልጽፍም። ለፋሲካ እመጣለሁ። ፊት ለፊት እምቢ ማለት የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ምንም አትናገሪ፤ እኔም አልጠይቅሽም። እናትሽ በልጅነቴ በድብቅ ታቀምሰኝ የነበረው ካስታርድ ትዝ ይልሻል? የቤይ ቅጠል የሚገባበት? ለፋሲካ ምሳ እሱን ከሠራሽልኝ፣ ከዱቄትም ይሁን ከእንቁላል፣ እሺ ማለትሽ ነው። ቅጠሉ ከሌለበት ግን ካናዳ ሥራ አለልኝ፤ እሄዳለሁ፣ ዳግምም አላስቸግርሽም። ያንቺው ኦብሪ።"

ያኔ ዓርብ ዕለት የመለሰችለት መልስ ትዝ አላት። ተርፏል፣ ግን አንጠቀምበትም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በገዛ አፏ፣ ዓይኑ እያየ፣ እምቢ ብላዋለች።

ሩበን ፕሮበርት የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ማድ ቤት ሲገባ ልጁ በጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ሁሉ ደርድራ ቆማ ነበር። አየው። ባርኔጣውን መልሶ ራሱ ላይ አደረገ፣ ወዲያው አወለቀው።

"ቆጥ ላይ ወጣሽ" አለ።

"የማን ጽሑፍ እንደሆነ ታውቅ ነበር?"

"አላነብም ልጄ። ታውቂ የለ።"

"አባባ!"

ሽማግሌው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አውቅ ነበር" አለ። "ልጅ ሳለ ለየዛፉ የስም ቆርቆሮ የጻፈልኝ እሱ ነው። ያቺን ጭራዋን የምትጎትት ፊደሉን የትም ባያት አውቃታለሁ። ፖስተኛው ለእኔ ሰጠኝ፤ አንቺ ማድ ቤት ነበርሽ። የመጀመሪያዋን ዛሬ እሰጣታለሁ ነገ እሰጣታለሁ ስል ሁለተኛዋ መጣች።"

"ለምን?"

"አክስትሽ ኬዚያ የጌታ ልጅ እመጣለሁ ብሏት ዘጠኝ ዓመት አጥር ላይ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት! እኔ ነበርኩ በየማታው እጇን ይዤ ወደ ቤት የማስገባት። የጌታ ልጅ ፍቅር የግንቦት ውርጭ ነው ሄስተር፤ አበባሽን አይቶ ነው የሚመጣው።" ጣቶቹን ተመለከተ። "ግን ላቃጥለው አልቻልኩም። ምድጃው ፊት ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። እጁ እንዴት ተጭኖ እንደጻፈ ከወረቀቱ ጀርባ በጣቴ ይሰማኝ ነበር። እንዲያ ተጭኖ የጻፈ ሰው እየቀለደ አይደለም ብዬ... ከዚያ ለሚከርሙት ፖሞች አለበስኳቸው። ምን አስቤ እንደሆን አላውቅም። በጥቅምት ሁሉም ፖም ያምራል፤ እስከ ፋሲካ የሚከርመው ነው ፖም። ምናልባት እሱን አስቤ ይሆናል።"

ሄስተር ልትጮኽበት አፏን ከፈተች። ግን ወረቀቶቹን ደግማ አየች። በየፖሙ ክብነት ልክ የታጠፉ ናቸው፤ አንዱም አልተቀደደም፣ አንዱም ላይ ቆሻሻ ጣት አላረፈም። ስድስት ወር ሙሉ አባቷ የልጁን ደስታ እንደሰረቀ፣ እንደዚያው ሲጠብቀው ኖሯል። አሳዘናት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

"ኋላ አለቅስብሃለሁ" አለችው። "አሁን እንቁላል አምጣልኝ።"

"ስንት?"

"ያገኘኸውን!"

የስድሳ ስምንት ዓመቱ ሩበን በእሑድ ኮቱ ግቢውን አቋርጦ ወደ ዶሮ ቤት ሲሮጥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ጌቶች በመኪና አልፈውት ሄዱ። ኦብሪ ከኋላ ወንበር ዞሮ እንዳየው ማንም አላስተዋለም።

ሄስተር ከዛፉ ላይ ሦስት ቅጠል ቀነጠበች፣ በመዳፏ ጨምቃ ወተት ውስጥ ከትታ ጣደችው። ሰባቱን ፖሞች አነሳች፤ እምብርታቸውን አውጥታ ዘቢብ፣ ቅቤና ቀረፋ ጠቀጠቀችባቸው፣ ወገባቸውን ዙሪያውን በቢላ ጫረችላቸው። "ወገቡን ያልፈቱለት ፖም ልቡን ይበትናል" ትል ነበር እናቷ፤ ካልተጫረ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ስድስቱን ጫረች። ሰባተኛውን መጫሯን አለመጫሯን ሳታስተውል ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

ፊሊስ ሳህን ልትወስድ ስትገባ ሄስተር ያለቀለትን፣ ወርቅ የመሰለውን ካስታርድ ወዲያ ገፍታው ነበር።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"እንደገና ልሠራው ነው።"

"ስምንት እንቁላል የገባበትን? የሾርባ ቅጠል ልትከቺበት?" ፊሊስ ደረቷን መታች። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! እመቤቲቱ ዛሬውኑ ሻንጣሽን ያሲዙሻል!"

ሄስተር ኅዳር የተጻፈውን ገጽ አነሳችና ሰጠቻት። ፊሊስ ቆማ አነበበችው። ቀስ ብላ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ መጎናጸፊያዋን አስተካከለች። "ሥጋውን ቀስ ብዬ አቀርበዋለሁ" አለች። "አንቺ ብቻ ፍጠኚ።"

ሩበን አምስት እንቁላል በባርኔጣው ይዞ መጣ። ሁሉም ትኩስ ናቸው። ስኳሩ አልበቃም፤ ስኳር ገና ከራሽን አልተፈታም። ሩበን ከመደርደሪያው የሳምንት የሻይ ስኳራቸውን አውርዶ፣ የእሱንም የእሷንም፣ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠው። "ሻይ መራራውንም ይጠጣል" አለ።

መታች፣ አፈሰሰች፣ ታማስል ጀመር። ላይኛው ቤት የሹካ ድምፅ ይሰማል። ካስታርድ ችኮላ አይወድም፤ ሄስተር ግን ቸኩላለች። እሳቱን ጨመረችው። ወዲያው ከድስቱ ሥር ጥቃቅን ጓጎላ ብቅ አለ። እንቁላሉ መቋጠሩ ነው!

"አባባ! ቀዝቃዛ ውሃ!"

ሩበን የውሃውን ገንዳ አቀረበላት። ድስቱን ከእሳቱ ነጥቃ ቀዝቃዛው ውስጥ ዘፈቀችውና እናቷ ታደርግ እንደነበረው ያለ ዕረፍት ማማሰል፣ ማማሰል። ይሄ ከተበላሸ ሌላ እንቁላል የለም፤ ሌላ ፋሲካ የለም፤ አምስት ዓመት ነው። ጓጎላው ቆመ፤ አልጨመረም። በማጥለያ አሳለፈችው። ከማጥለያው በታች የወረደው ለስላሳ፣ ከባድ፣ የሚያበራ ነገር ነበር፤ ሽታው ደግሞ ያ የልጅነቷ ሽታ፣ አረንጓዴና ሞቅ ያለ፣ የእናቷ እጅ ሽታ። ሩበን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ሚስቱን ነው ያሸተተው።

ምድጃው ሲከፈት ስድስቱ ፖሞች ቆዳቸውን ወደ ላይ ገፍተው፣ ነጭ አረፋቸውን ደፍተው ወጡ። ሰባተኛው ግን ወገቡ አልተፈታም ነበርና ፈንድቶ፣ ልቡን በሙሉ በሳህኑ ላይ በትኖ ተገኘ።

"ይሄንን ለማን ልስጠው?" አለች ፊሊስ።

"ለእሱ" አለች ሄስተር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሄስተር እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። በግድግዳው ላይ አገልጋይ የሚጠራባቸው የክፍሎቹ ደወሎች ተደርድረዋል፤ ከዐሥራ አምስት ዓመቷ ጀምራ አንዱ በተነቃነቀ ቁጥር ስትዘል ኖራለች። አሁንም ዓይኗ የመመገቢያ ክፍሉን ደወል አልለቀቀም።

ፊሊስ ደረጃውን እየተንደረደረች ወረደች። "አልፈልግም አለ!"

"ምን?"

"ጣፋጩን! 'ሆዴ ሞልቷል፣ አመሰግናለሁ' ብሎ ሳህኑን ገፋው። በመስኮት መንገዱን ያያል። ምን ላድርግ? አፉን ከፍቼ ላጉርሰው?"

ሄስተር ጠረጴዛውን ያዘች። ይህን አላሰበችውም ነበር። ዓርብ ዕለት መልሱን የሰማ ሰው ለምን ብሎ ይቀምሰዋል?

"ተመለሺ" አላት ሩበን ፊሊስን፣ "ተመለሺና ቁሚ፤ ምናልባት..."

ፊሊስ ተመለሰች። የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሄስተር በልቧ ለእናቷ ተናገረች፣ ምን እንዳለቻት ግን እሷም አታስታውስም።

ፊሊስ ሁለተኛ ስትወርድ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። "እመቤቲቱ! እመቤቲቱ ቀመሱትና ማንኪያቸውን ጣሉ! 'ይሄ የምን ሽታ ነው? ገውዝ አይደለም እኮ! ያንን የሾርባ ቅጠል ከታበታለች፣ ቤይ ነው፣ አልታዘዝም አለች ማለት ነው!' ብለው ጮኹ። እሱ ዞረ። 'ምን አልሽ እማዬ?' አለ። 'ቤይ ነው አልኩህ!' አሉ። ሳህኑን ሳበው፣ አንድ ማንኪያ ቀመሰ፣ ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ምን ያደርጋል መሰለሽ? መልሶ በላው! ምንም ሳያስቀር፣ እንደ ልጅ!"

ሰባት ሰዎች ከዚያ ካስታርድ በሉ፤ ያነበበው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

በአገልጋዮቹ ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ፊሊስ ጥግ ያዘች። ኦብሪ ላንግፎርድ ባዶውን ሳህን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ዓርብ ዕለት የቆመበት ቦታ ነው፤ ዓይኑ ግን ዛሬ ከሄስተር ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

"ዓርብ ዕለት 'አንጠቀምበትም' አልሽኝ።"

"ዓርብ ዕለት ደብዳቤህን አላነበብኩትም ነበር።"

"መቼ አነበብሽው?"

"ዛሬ። አንተ ቤተ ክርስቲያን እያለህ።"

አልገባውም። ወደ ጠረጴዛው ሲመለከት የገዛ እጁን ጽሑፍ አየ፤ ሃያ ገጽ፣ ሁሉም በክብ መጨማደድ ተጨማዶ። አንዱን አነሳ። ፖም ፖም ይላል።

ሩበን ከወንበሩ ተነሣ። ባርኔጣው ላይ የዶሮ ላባ ተጣብቋል። "ሌባው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለ። "እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ፈርቼ ነው።"

ኦብሪ ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ተራመደ። ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ዝናብ ውስጥ የፖስታ መኪና ባየ ቁጥር የሮጠበት ስድስት ወር። ሄስተር ቁጣው ሲመጣ አየች። እሱ ግን ገጹን ገልብጦ ተመለከተ፤ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደታጠፈ፣ ቀለሙ እንኳ እንዳልደበዘዘ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሽማግሌውን "ሩበን" እያለ ሲጠራው ነው የኖረው። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚጠራው እንዲያው ነው።

"ሚስተር ፕሮበርት" አለ። "አንዱንም አላበላሹብኝም።"

ሽማግሌው ተመልሶ ተቀመጠ።

ኦብሪ ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ሄስተር ተጠጋ። እጇን ያዘ፤ ቅጠሉ አሁንም መዳፏ ላይ ይሸታል። "መኪናው በዐሥር ሰዓት ይመጣል" አላት። "ልመልሰው?"

ስንት ነገር ልትለው ነበር! የክረምቱን ዕንባ፣ ኩራቷን፣ ከራሷ በላይ ተቀምጦ የከረመውን ፍቅር። ከዚህ ሁሉ አፏ ላይ የደረሰው ጥቂት ነው።

"መልሰው፣ ኦብሪ" አለችው። ሚስተር አላለችም።

ይህን ጊዜ የመመገቢያ ክፍሉ ደወል ጮኸ። ቆም አለና ደግሞ ጮኸ፤ ከላይ ገመዱን የያዙት እጆች መቆጣታቸው ያስታውቃል። የሄስተር እግር በልማድ ሊነሣ አለ። አላነሣችውም። በሕይወቷ ደወል ተደውሎ ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ወለሉ አልተከፈተም፣ ጣራውም አልወረደም።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ሩበን ቀና ብሎ አየው።

"ተዪው ልጄ" አላት፣ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ። "ደወልስ እኔ አውቃለሁ። የሚስበው ሰው ሲደክመው ይተዋል።"

ደወሉም ደክሞት ተወ። ሄስተር እጇን ከእጁ ሳታወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ሃያ ገጾች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ሳይበሰብሱ መክረማቸውን አሁንም ማመን አቃታት።